የጉዲፈቻ መንገድ ከአዳማ እስከ ባሕር ማዶ

በአዳማ ዙሪያና ከሞጆ ተነስቶ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) በኩል እስከ ሻሸመኔ በሚዘልቀው የስምጥ ሸለቆ መስመር የሚኖረው የኦሮሞ ሕዝብ፣ የአገሪቱ የጽሑፍ ሕግ ከመውጣቱ አስቀድሞ ጉዲፈቻ የተባለ ሥርዓት ነበረው፤ ይኸውም አንድ ቤተሰብ ከአብራኩ ያልወጣን ልጅ እንደ ወለደው ቆጥሮ የሚያሳድግበት ሲሆን፣ ከሌላ ወገን የመጣ ሰው ወይም ሕዝብ የጎሳ አባል ከሚሆንበት ከሞጋሳ ይለያል። ልጅ ፈላጊው ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ ከወላጆች ጋር ከተስማማ በኋላ ነገሩ በአባ ገዳና በጎሳው ሰዎች ፊት ይጸናል፤ ልጁም የአሳዳጊውን ጎሳ ይይዛል፣ ይወርሳል፣ በኋላ የአብራክ ልጅ ቢወለድ እንኳ የበኩርነት ክብሩን አያጣም። ሁለቱ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም ጎረቤት ስለነበሩ ወላጅ እናት ልጇ የት እንደሚያድግ ታውቅ ነበር፤ የሥርዓቱም ትልቁ ዋስትና ይህ መተዋወቅ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኋላም የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ጉዲፈቻን በፍርድ ቤት የሚጸድቅ ስምምነት አደረጉት። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ሲደነግግ፣ አንቀጽ 193 ደግሞ አሳዳጊው የውጭ አገር ሰው ከሆነ የሕፃናትን ደኅንነት የሚከታተለው የመንግሥት አካል አስቀድሞ አስተያየት እንዲሰጥ ያዝዛል። በወረቀት ላይ የቀረው ዝምድና ውቅያኖስ ተሻግሮ በምን እንደሚጠበቅ ግን ሕጉ አላመለከተም፤ የኋላው መከራ ሁሉ የገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ኤች አይ ቪ ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት በሚያልፍባቸውና የከባድ መኪና ሾፌሮች በሚያድሩባቸው ከተሞች በበረታበት ዘመን፣ በኢትዮጵያ ወላጅ አልባ የሚባሉት ሕፃናት ወደ 5 ሚሊዮን ተገመቱ። በዚህ ቁጥር ውስጥ ከአባትና ከእናት አንዱን ብቻ ያጡ ልጆችም እንደሚገቡ በውጭ አገር ያስተዋለ ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ የሄዱት ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ከ300 በታች ሲሆኑ፣ በ2010 የበጀት ዓመት 2,513 ደረሱ፤ ያን ጊዜ ከኢትዮጵያ የምትበልጥ ቻይና ብቻ ነበረች።

የውጭ አገሩ ቤተሰብ በአገሩ የማኅበራዊ ሠራተኛ ቤቱንና ገቢውን መርምሮ ከመሰከረለት በኋላ፣ ሰነዱ በየደረጃው እስኪረጋገጥና ከአንድ ልጅ ጋር እስኪገናኝ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይጠብቅ ነበር። ልጁ ከተወለደበት ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሽግግር ቤት፣ ማለትም ጉዞው እስኪፈቀድ ወደሚቆይበት ማሳደጊያ፣ ይዛወራል። ጉዳዩ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሲታይ፣ በሕይወት ያለ ወላጅ ወይም ዘመድ ችሎት ቀርቦ ፈቃዱን በቃሉ ያረጋግጣል፤ የሕፃናትን ደኅንነት የሚከታተለው ሚኒስቴር የአስተያየት ደብዳቤ ካልደረሰ ቀጠሮ ይለወጣል፤ ክረምት ላይ ፍርድ ቤቱ ሲዘጋ ሁሉም ይቆማል። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ አሳዳጊዎቹ ራሳቸው ችሎት እንዲቀርቡ ስለተጠየቀ፣ ብዙ የአሜሪካ ቤተሰቦች ልጁን አቅፈው ካዩ በኋላ ትተውት ይመለሱና የልጁ የአሜሪካ መግቢያ ፈቃድ ሲሰጥ ዳግመኛ ይመጡ ነበር። ይህ ናፍቆት እውነተኛና ከባድ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ በበቂ ያልተጻፈው የወላጆቹ መጠበቅ ነው። በጉዲፈቻ ባህል ውስጥ ያደገች እናት ልጇን ስትሰጥ፣ ዝምድናው ሰፋ እንጂ ተቋረጠ ብላ ላታስብ ትችላለች፤ ልጁ ተምሮ ይመለሳል፣ ፎቶግራፍና ወሬ ይላካል ብላ ትጠብቃለች። በአሳዳጊው አገር ሕግ ግን ልጁ ሌላ ስምና ዜግነት ይዞ ከቀድሞ ቤተሰቡ በሙሉ የተለየ ነበር። የአሳዳጊዎቹ መጠበቅ ቀጠሮና ማብቂያ ሲኖረው፣ የእሷ ሁለቱም አልነበረውም፤ እንዲህ ያለ ፈቃድ፣ ፊርማ ቢኖርበትም፣ ሙሉ ፈቃድ ሊባል አይገባውም።

ሰነድ ስለማጭበርበር የሚቀርበው ክስ ሲበዛ፣ ሚኒስቴሩ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. በቀን እስከ 50 ይመለከት የነበረውን ጉዳይ ወደ 5 ዝቅ አደረገ። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ ታገደ፤ በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1070/2010 አንቀጽ 193 ከሕጉ ወጥቶ የውጭ አገር ጉዲፈቻ ጨርሶ ቀረ። ከልጅ ጋር ተገናኝተው የነበሩ ቤተሰቦች ለወራት በጭንቀት ቆይተው የተወሰኑት ተፈቀደላቸው። አዋጁ ወደፊት የሚሄዱትን እንጂ ቀድሞ የሄዱትን አይመለከትም፤ ዛሬ አዋቂ ሆነው ወላጆቻቸውን የሚፈልጉት ልጆች ብዙ ጊዜ ፍለጋቸውን የሚጀምሩት፣ ፈቃድ የሰጠው ሰው ስምና የመጣበት ቀበሌ ከተመዘገበበት ከዚያው የፍርድ ቤት መዝገብ ነው።