ከሐይቅ የመጻሕፍት ዝርዝር እስከ በይነ መረብ፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በታሪክ ውስጥ



በመርሳ ተገኝቼ ይህን ንግግር እንዳቀርብ ስለ ጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ርእሴን የመረጥሁት በየዩኒቨርሲቲው ከሚነሣ አንድ ጥያቄ ተነሥቼ ነው። «ሁሉም ነገር በበይነ መረብ ከተገኘ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከእንግዲህ ምን ይሠራል?» ይባላል። ጥያቄው ሠራተኛውን በር ከፍቶ የሚዘጋ፣ መጽሐፍ አውጥቶ የሚመልስ ሰው ብቻ አድርጎ ይቆጥረዋል። የሀገራችን ታሪክ ግን ሌላ ያስተምራል። የዚህ ሙያ እምብርት መጽሐፉን መያዝ ብቻ ሳይሆን፣ ምን መጽሐፍ እንዳለ፣ የማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ ጽፎ ማቆየት ነው። አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር የሚለወጠው የመጻፊያው መንገድ እንጂ ተግባሩ አይደለም።

ማስረጃውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ከመርሳ ተነሥተን በደሴ መንገድ ውርጌሳንና ውጫሌን ካለፍን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እንደርሳለን። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያቀኑት ይህ ገዳም የታወቀ የትምህርትና የመጻሕፍት ማእከል ነበር። ከገዳሙ ቅርሶች አንዱ በ1280/81 እ.ኤ.አ. የተጻፈው የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ነው። ወንጌሉ በውስጡ ከያዛቸው ማስታወሻዎች መካከል የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ይገኛል። ዛሬ ካታሎግ የምንለው ነገር በወሎ ምድር ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

ዝርዝሩ የት እንደ ተጻፈ ልብ በሉ። በቀላሉ በሚጠፋ ቁራጭ ብራና ላይ ሳይሆን በወንጌሉ ውስጥ ነው። በአብያተ ክርስቲያናት የርስት ስጦታና የንብረት መዝገብ በወንጌል ገጾች ላይ የሚጻፈው፣ ወንጌሉ ከሁሉ በላይ የሚጠበቅ፣ በመከራ ቀን አስቀድሞ የሚሸሽግ መጽሐፍ ስለ ነበረ ነው። የጥንቱ መዝጋቢ ዝርዝሩን እጅግ በሚጠበቀው ስፍራ አኖረው። በዝርዝሩ የተጠሩት መጻሕፍት ሁሉ ዛሬ በቦታቸው አሉ ለማለት አይቻልም፤ በዚያ ዘመን ገዳሙ ምን ያነብ እንደ ነበር የምናውቀው ግን በእርሱ ትጋት ነው።

አሁን ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። በ1966 ዓ.ም. (1973 እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ። ማይክሮፊልም የጊዜው አዲስ መሣሪያ ነበር። ባለሙያዎቹ የአብያተ ክርስቲያናቱንና የገዳማቱን መጻሕፍት ገጽ በገጽ ፎቶ ያነሡ ነበር። የፊልሙ አንድ ቅጂ በአዲስ አበባ ሲቀመጥ፣ ሌላው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት በኮሌጅቪል ወደሚገኘው የሂል የእጅ ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ይላክ ነበር። የሐይቁ ወንጌልም በዚሁ ሥራ ተቀርጾ 1832 ቁጥር ተሰጠው። ሥራው በቆመበት ጊዜ ብዙ ሺህ ጽሑፎች ተቀርጸው ነበር።

ነገር ግን ፊልም ብቻውን ቤተ መጻሕፍት አይሆንም። መግለጫ የሌለው ጥቅል ፊልም ካልተከፈተ ሣጥን አይለይም። ያን ሣጥን ከከፈቱት ሰዎች ዋነኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. በጥይት ቆስለው ከወገባቸው በታች ሽባ ከሆኑ በኋላ ሀገራቸውን ለቀው በኮሌጅቪል ሥራ ጀመሩ። በዚያም ለአሥርት ዓመታት፣ አስቀድሞ ከዊልያም ማኮምበር ጋር፣ በኋላም ብቻቸውን፣ ፊልሙን እያነበቡ የእያንዳንዱን ጽሑፍ ይዘት፣ ዘመን፣ ባለቤትና በኅዳግ ያለውን ማስታወሻ ሳይቀር መዘገቡ። በ1988 እ.ኤ.አ. የማክአርተር ሽልማት ያገኙት እኚህ ሊቅ በአንድ በኩል የግእዝ ምሁር፣ በሌላ በኩል የዘመኑን መሣሪያ የተማሩ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ። የማንበቢያው መሣሪያ ገጹን አጉልቶ ያሳያል፤ ገጹ ምን እንደሚል የሚያውቀው ግን ሰው ነው። ዛሬ ከእነዚያ ፊልሞች ብዙዎቹ ወደ ዲጂታል ተለውጠው በበይነ መረብ ይታያሉ። ተመራማሪ የሚፈልገውን የሚያገኘው ግን እነርሱ በጻፉት መግለጫ እየተመራ ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ የኮምፒውተር ነው። በካርድ መሳቢያ ዘመን የሠሩ ባልደረቦቻችን ያስታውሳሉ፤ አንድ መጽሐፍ በደራሲ፣ በርእስና በጉዳይ ሦስት ካርድ ይጻፍለት ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ሌላ ችግር ተከተለ። በፓወር ግእዝ የተጻፈው በቪዥዋል ግእዝ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር፤ እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር የራሱ ስውር ቁጥር ነበረውና። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው የአማርኛ ርእስ በየትም ሀገር ባለ ኮምፒውተር ላይ እንደ ተጻፈ ሊነበብ የቻለው። በዚያው ሰሞን በኒው ዚላንድ ኮሃ የተባለ፣ ያለ ክፍያ የሚሠራ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ተፈጠረ፤ ስሙ በማኦሪ ቋንቋ «ስጦታ» ማለት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሀገሮች የእርሻ ምርምር መጽሔቶችን የሚያቀርበውን አጎራን ጀመረ።

እነዚህ መሣሪያዎች ለመርሳ ምን ትርጉም አላቸው? ሐብሩ የእርሻ ወረዳ ነው፤ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማእከልም በዚሁ ይገኛል። አንድ ተማሪ ስለ ማሽላ ሊያጠና ይመጣል እንበል። በአጎራ መፈለጊያ «ማሽላ» ብሎ ቢጽፍ የሚፈልገውን አያገኝም፤ መጽሔቶቹ የሚያውቁት በእንግሊዝኛ ስሙ «ሶርገም»፣ ወይም በሳይንሳዊ ስሙ «ሶርገም ባይከለር» ነው። ገበሬው በሚጠራበት ስምና መጽሔቱ በሚጠራበት ስም መካከል ድልድይ የሚሠራው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው። መሣሪያውን ካልተማረ ግን ተማሪው «አልተገኘም» የሚለውን መልስ «የለም» ብሎ ተረድቶ ይመለሳል። በምርምር ከዚህ የከፋ ስሕተት ጥቂት ነው።

የፊደላችን ጉዳይም አለ። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ጸና ፀ፣ ሀ፣ ሐና ኀ እየተቀያየሩ ብቻ ስድስት ዓይነት አጻጻፍ ይኖረዋል። አንባቢ ስድስቱንም አንድ ቃል አድርጎ ያነባቸዋል፤ ማሽን ግን ካላስተማሩት በስተቀር ስድስት ቃላት ናቸው። የስማችን አጠራርም እንዲሁ ነው። ከውጭ የመጣ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል፤ የኢትዮጵያ ታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራትም በብዙ የመረጃ ቋት «ታምራት፣ ታደሰ» ተብለው ይመዘገባሉ። መጽሐፉ ለልጅየው መሆኑ ቀርቶ በአባት ስም ይፈለጋል። አንዱ ሠራተኛ በራሳቸው ስም፣ ሌላው በአባታቸው ስም ከመዘገበ የአንድ ሰው ሥራ ለሁለት ይከፈላል። ይህን የሚያርመው አንድ የተስማሙበት ደንብ ያለው ባለሙያ ነው እንጂ የኢንተርኔት ፍጥነት አይደለም።

አሁን ሁላችሁም ወደምታውቁት፣ ለመናገርም ወደሚከብደው ጉዳይ ልምጣ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወደዚህ አካባቢ ደረሰ፤ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስም ቆየ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፤ ከባድ ውድመትም ደረሰበት። የሰው ሕይወት ከሁሉ ይበልጣልና ስለ መጽሐፍ መናገር በዚያ ፊት ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የታተመ መጽሐፍ ቢጠፋ ሌላ ቅጂ ይገዛል። በአንድ ቅጂ ብቻ ያለ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመስክ ማስታወሻ ወይም የአካባቢ መዝገብ ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ ጠፋ። ካታሎጉም ከመደርደሪያው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ባለ አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ከተቀመጠ ኪሳራው እጥፍ ነው፤ የነበረው መጥፋቱ ሳያንስ ምን እንደ ነበረ እንኳ አይታወቅም።

እዚህ ላይ የሐይቁ መዝጋቢና የማይክሮፊልሙ ሠራተኞች በአንድ ቃል ይናገሩናል። የመጀመሪያው ዝርዝሩን እጅግ በሚጠበቀው ስፍራ ጻፈ፤ ሁለተኞቹ ቅጂውን በሁለት ሀገር አኖሩ። የእኛ ተግባር ሁለቱንም ማድረግ ነው።

ስለዚህ ንግግሬን በሦስት ሐሳቦች ልዝጋ። አንደኛ፣ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የሚሰጠው ሥልጠና አንድ ቀን ተሰጥቶ የሚረሳ መሆን የለበትም፤ በሥራ ሰዓት ውስጥ የሚለማመዱበት ጊዜ ይመደብላቸው። በኮምፒውተር የተበላሸን መዝገብ ሦስት ጊዜ ያላስተካከለ ሰው መሣሪያውን አላወቀውም። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ሥራ ከሌላ ቦታ ሊገኝ በማይችለው ይጀመር፤ በዚህ ምድር ላይ የተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎችና የምርምር ዘገባዎች ይመዝገቡ፣ ይቀረጹ፣ አንድ ቅጂያቸውም ከመርሳ ውጭ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ እናንተ መምህራን ሠራተኛውን መጽሐፍ ስታስወጡ ብቻ ሳይሆን ጥናት ስትጀምሩም አማክሩት።

የሐይቁን ዝርዝር የጻፈው ሰው ለማን እንደሚጽፍ አላወቀም። እኛ ግን አነበብነው። ነገ በዚህ ግቢ አንድ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የአንድ ተማሪን ጽሑፍ በትክክል ሲመዘግብ እርሱም ለማያውቀው አንባቢ ይጽፋል። ስሙ በመዝገቡ ላይ ላይወጣ ይችላል፤ አንባቢው ግን የሚፈልገውን ያገኛል።