69650-000፡ ለሰፊው ደን አንድ የፖስታ መለያ ቁጥር

በብራዚል ምዕራባዊ ጫፍ፣ አገሪቱን ከፔሩ በሚያዋስነው የዣቫሪ ወንዝ ዳር፣ አታላያ ዶ ኖርቴ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በስሟ የሚጠራው ወረዳ 76,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሸፍን ከአየርላንድ ሪፐብሊክ ይሰፋል። ነዋሪው ግን ከ15,000 ብዙም አይዘልም። ይህ ሁሉ አገር በፖስታ መዝገብ የሚታወቀው በአንድ ቁጥር ነው፤ 69650-000።

እኛ ፖስታን የምናውቀው በሣጥን ቁጥር ስለሆነ አሠራሩን ማብራራት ተገቢ ይመስለኛል። ብራዚል ‹‹ሴፒ›› የሚባለውን የፖስታ መለያ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1971 በአምስት አኃዝ ነበር፤ በ1992 ወደ ስምንት አደገ። የመጀመሪያው አኃዝ አገሪቱ ከተከፈለችባቸው አሥር የፖስታ ቀጣናዎች አንዱን ያመለክታል። በ69 የሚጀምሩት የአማዞናስ፣ የሮራይማና የአክሬ ክፍላተ ግዛት ናቸው። ቀጣዮቹ አኃዞች ወደ ጠበበው አካባቢ ይወስዳሉ። እንደ ማናውስ ባለ ትልቅ ከተማ የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች አንዱን ጎዳና ከሌላው ይለያሉ። ጎዳናው በቁጥር ያልተለየ ወረዳ ግን በ000 ይዘጋል። ሦስቱ ዜሮዎች ለእኔ ‹‹ከዚህ ወዲያ አናውቅም›› የማለት ያህል ናቸው።

ከተማዋ ከማናውስ በአየር መስመር ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ወደዚያ የሚያደርስ የመኪና መንገድ የለም። በደኑ ውስጥ አድራሻው ወንዙ ነው። ኢቱዪ ወደ ኢታኳዪ ይገባል፤ ኢታኳዪ ደግሞ ከከተማዋ አቅራቢያ ከዣቫሪ ይቀላቀላል። መንደር የሚታወቀው በየትኛው ወንዝ ላይ እንዳለና በጀልባ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ነው።

የሕግ ሰው በመሆኔ አድራሻ ሲባል ቀድሞ የሚታየኝ መጥሪያ ነው። አድራሻ የሌለው ዜጋ መብቱን ለመጠየቅም፣ ሲከሰስ ለመሰማትም ይቸገራል። ስለዚህ ‹‹ለየመንደሩ ቁጥር ይሰጥ›› ማለት ይቀናኛል። እዚህ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

የወረዳው ትልቁ ክፍል በ2001 በይፋ የጸደቀው የዣቫሪ ሸለቆ የነባር ሕዝቦች ግዛት ነው። ማሩቦ፣ ማትሴስ፣ ማቲስ፣ ካናማሪና ኮሩቦ ይኖሩበታል። ከውጭው ዓለም ጋር ግንኙነት የሌላቸው ማኅበረሰቦች በብዛት የሚገኙበት ስፍራም ይኸው ነው። ተራ ጉንፋን እንኳ ሊፈጃቸው ስለሚችል፣ ብራዚል ከ1987 ጀምሮ የተከተለችው መርሕ ራሳቸው ካልፈለጉ በቀር አለመቅረብ ነው። የ1988ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 231 ነባር ሕዝቦች በኖሩበት መሬት ላይ ያላቸውን መብት ያውቃል። ለእነዚህ ሰዎች በራቸው አለመታወቁ ጥበቃቸው ነው።

ችግሩ መንግሥት የማያውቀውን ወንዝ ሕገወጡ አሳ አጥማጅና ዕፅ አዘዋዋሪ አብጠርጥሮ ማወቁ ነው። በሰኔ 2022 (እ.ኤ.አ.) የነባር ሕዝቦች ጉዳይ ባለሙያው ብሩኖ ፔሬይራና እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ዶም ፊሊፕስ በኢታኳዪ ወንዝ ላይ ወደ አታላያ ዶ ኖርቴ ሲመለሱ ተገደሉ። በፍለጋው ወንዙን ጠንቅቀው የሚያውቁት የነባር ሕዝቦች ቃፊሮች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

በእኔ እምነት መንግሥት ሁለቱን ጉዳዮች መለየት አለበት። ማሩቦው ወይም ካናማሪው ሐኪምና ዳኛ ሲፈልግ የመንደሩ ስም በመዝገብ ሊገኝ ይገባል። ያልተነኩትን ደግሞ ቁጥር ሳይሰጥ፣ በራቸውን ሳያንኳኳ፣ ወደ እነሱ የሚወስደውን የወንዝ መግቢያ ይጠብቅላቸው። ሦስቱ ዜሮዎች አክብሮት የሚሆኑት መግቢያው ላይ ጠባቂ ሲኖር ነው። ያለዚያ ቸልተኝነት ናቸው።