ድራይቨር

መኪና የሚነዳውን ከፈረንሳይኛ በመጣ ቃል «ሾፌር» እንለዋለን። «ድራይቨር» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለኮምፒውተር ቀርቷል። ክብረ መንግሥት ከተማ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታችሁ «ፕሪንተሩ ድራይቨር የለውም» ብትባሉ፣ ከማሽኑ የጎደለ ዕቃ አለ ማለት አይደለም። ድራይቨር ኮምፒውተሩ ያዘዘውን ፕሪንተሩ በሚገባው ቋንቋ የሚያደርስ ፕሮግራም ነው። እኔ ብሆን «አስተርጓሚ» እለው ነበር፤ ኦሮምኛና አማርኛ በሚገናኙበት ከተማ ይህን ቃል የማይረዳ የለም።

አስተርጓሚው ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ሥርዓትም፣ ለምሳሌ ዊንዶውስን፣ ማወቅ አለበት። ለ64 ቢት ዊንዶውስ የተሠራ ድራይቨር በ32 ቢቱ ላይ አይሠራም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ በ2014 እ.ኤ.አ. ስላቆመ፣ ብዙ አዳዲስ ፕሪንተሮች ለኤክስፒ የሚሆን ድራይቨር የላቸውም። ስለዚህ አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ፣ ፕሪንተር ከመግዛታችሁ በፊት ለዊንዶውሳችሁ የሚሆን ድራይቨር እንዳለው ጠይቁ።