ሲወድቅ የሚተኩስ ጠመንጃ

ጠመንጃ የወንድ ነገር ነው ይባላል። እኛ ግን ጠመንጃ የተሰቀለበትን ግድግዳ ስንለቀልቅ ያደግን ነን። አውርዶ አቧራውን መጥረግ፣ ልጅ እንዳይነካው መጠበቅ የኛ ሥራ ነበር። ስለዚህ ስለ ሁለት ትንንሽ ብረቶች ብጽፍ አይፈረድብኝም። አንዱ ማቀባበያው ነው፣ በእጅ ወደ ኋላ የሚሳበው። ሌላው መቆለፊያው ነው፣ ሴፍቲ የሚሉት።

የአያቶቻችን ጠመንጃ፣ ውጅግራውም ምንሽሩም፣ ቃታው ሲሳብ አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚያወጣው። ቃታውን ይዘውት እስኪለቁት እንደ በረዶ የሚያወርደው፣ የሽጉጥ ጥይት የሚጎርሰው አጭር መሣሪያ የመጣው በኋላ ነው። አገራችን ከገባባቸው መንገዶች አንዱ ደግሞ ጣሊያን ነው። ቤሬታ የሚባለው ፋብሪካ ሞዴል 38 የተባለውን ሲሠራ ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ የጣሊያን የአፍሪካ ፖሊስ ነበር። ይህ ፖሊስ አዲስ አበባንም ጨምሮ በቅኝ ግዛት የያዙትን አገር ሲጠብቅ የነበረ ነው። አስቡት እንግዲህ፣ ያ መሣሪያ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ከታሰበላቸው ሰዎች መካከል የኛ አያቶች ነበሩበት።

ጠላት ቢሆንም እውነቱን ልናገር፣ ቤሬታው በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ሁለት ቃታ አለው፤ የፊተኛው አንድ በአንድ፣ የኋለኛው በተከታታይ ይተኩሳል። መቆለፊያው በግራ ጎኑ ነው። ማቀባበያው በቀኝ ሆኖ ከተሳበ በኋላ ወደ ፊት ይመለሳል፣ ሲተኮስም ወዲያ ወዲህ አይራወጥም። ከማቀባበያው ጋር የሚሄድ ቆርቆሮ ደግሞ አቧራ እንዳይገባ ቀዳዳውን ይሸፍናል። ጣሊያን አዲስ አበባን በ1933 መጋቢት፣ ጎንደርን በ1934 ኅዳር ለቆ ሲሄድ መሣሪያው ሁሉ አብሮት አልሄደም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የዚያ ዘመን አጫጭር አውቶማቲኮች አብዛኞቹ ለመተኮስ ሲዘጋጁ ውስጣቸው ያለው ከባድ ብረት ወደ ኋላ ተስቦ ይቆማል። ከኋላው ሞላ አለ። ቃታው ሲሳብ ብረቱ በሞላው ተገፍቶ ወደ ፊት ይወረወራል፣ በመንገዱ ከካዝናው አንድ ጥይት ይዞ ይሄዳል፣ ይመታውና ይተኩሳል። የአይጥ ወጥመድ በሉት። ችግሩ የሚመጣው ወጥመዱ ሳይጠመድም ነው። ብረቱ ፊት ላይ ተቀምጦ፣ ካዝናው ጥይት ይዞ፣ መሣሪያው በሰደፉ መሬት ቢመታ ብረቱ በራሱ ክብደት ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ቃታው እስከሚይዘው ድረስ አይሄድም፣ ጥይት ለማንሳት ግን ይበቃዋል። ሞላው መልሶ ሲገፋው ይተኩሳል። ማንም እጁን ቃታ ላይ አላደረገም እኮ!

በዚህ በጣም የታማው የእንግሊዙ ስቴን ነው። እንግሊዝ በጀርመን ተጨንቃ በነበረበት ሰዓት በርካሽ፣ በቶሎ፣ በቧንቧና በቆርቆሮ ሠራችው፤ ቁጥሩ 4 ሚሊዮን አካባቢ ደረሰ። መጀመሪያ ላይ መቆለፊያው ማቀባበያውን ወደ ኋላ ስቦ ወደ ላይ በተቀደደ ቦታ ማስገባት ብቻ ነበር። ብረቱ ፊት ላይ ሲሆን የሚይዘው ምንም አልነበረም። በኋላ ማቀባበያው ራሱ ወደ ውስጥ ሲገፋ በቀዳዳ ገብቶ እንዲቆልፍ አደረጉት። የጀርመኖቹም ኤም ፒ 38 ያው በሽታ ነበረበት፤ ወታደሮቹ ማቀባበያውን በጠፍር ያስሩት ነበር። ኋላ ላይ ማቀባበያው ሁለት ክፍል ሆኖ እንዲቆለፍ ተደረገ። የሩሲያው ፔፔሻ ማቀባበያው ላይ ትንሽ ተንሸራታች አለችው፣ ብረቱን ከፊትም ከኋላም ትይዛለች።

እኔን የገረመኝ የአሜሪካኖቹ ኤም 3 ነው። መጀመሪያ ማቀባበያው እንደ እጅ ወፍጮ መዘውር የሚዞር ነበር፣ ይሰበር ነበርና አስቸገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ ማቀባበያውን ጭራሽ አስወገዱትና ብረቱ ላይ ጣት የሚገባበት ጉድጓድ ቆፈሩ። መቆለፊያው ደግሞ የቀዳዳው ክዳን ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ከሥሩ ያለው ጥርስ ብረቱን ይነክሰዋል፣ ሲከፈት መሣሪያው ዝግጁ ነው። እዚህ የምንሠራበትን ፕሬዠር ድስት አስታወሰኝ፤ በክዳኑ የሚጠብቅ ነገር።

ከሁሉም የተሻለው ኡዚ ይመስለኛል። እስራኤላዊው ኡዚኤል ጋል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሠራው፤ ስሙን የአገራችን ታላላቆችም ያውቁታል። ማቀባበያው አናቱ ላይ ስለሆነ ቀኝ እጅም ግራ እጅም ይስበዋል፣ አነጣጣሪው እንዳይጋረድበት መሐሉ ተሰንጥቋል። እጀታው ጀርባ ላይ የሚጨመቅ መቆለፊያ አለው፤ መዳፍ ካልጨመቀው አይተኩስም፣ ማቀባበልም አይቻልም። ስለዚህ ቢወድቅ ማንም አልያዘውም ማለት ነው። አንድ ሰው ሲያቀባብል እጁ ቢያመልጠው ደግሞ ብረቱን በመሐል የሚይዙ ጥርሶች ከላይኛው ክዳን ሥር አሉ። ይህን የሠራ ሰው የደከመ እጅ፣ ያላበ እጅ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ እንዳለ ያውቃል።

እኛ ሰፈር አንድ የሰርግ ቀን ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሣሪያ ወድቆ የጎረቤታችንን ልጅ እግር መትቷል። ሽማግሌዎቹ «ሰይጣን ነው» አሉ፣ ነገሩም በዚያው አለቀ። እኔ ግን ሰይጣኑ ካዝናው ውስጥ የተረሳው ጥይት ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ እንድጠይቅ ያደረገኝ ወንድሜ ነው። ባለፈው ዓመት ደውሎ «ክላሽ ልገዛ ነው፣ የጎደለውን ሙይልኝ» አለኝ። እዚህ ሳፋ ካሉት ልጆች እንዲህ የተባልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ልላክ አልላክ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ እዚህ አልዘረዝረውም። ብቻ «መቆለፊያው የት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለ። የመሣሪያውን ዋጋ ያውቃል፣ ቀለሙን ያውቃል፣ መቆለፊያውን ግን ልብ ብሎ አላየውም።

ክላሽ ከላይ ከተረኩት የተለየ ዘር ነው፣ የጠመንጃ ጥይት ነው የሚተኩሰው። መቆለፊያው በቀኝ ጎን ያለው ረጅም ብረት ነው። ወደ ላይ ሲሆን ይቆልፋል፣ ማቀባበያውም እስከ ጥግ አይሳብም። መሐል ላይ ሲሆን በተከታታይ፣ ታች ሲሆን አንድ በአንድ ይተኩሳል። ሰው ደንግጦ በኃይል ወደ ታች ቢገፋው መሐሉን አልፎ አንድ በአንዱ ላይ ያርፋል።

ለወንድሜ የነገርኩትን ለናንተም ልጻፈው፣ ቤታችሁ መሣሪያ ካለ ደውላችሁ ንገሯቸው። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዙር፣ ጣት ከቃታው ይራቅ። በመጀመሪያ ካዝናው ይውጣ። ከዚያ ነው ማቀባበያው የሚሳበው፣ ውስጥ የቀረች ጥይት ካለች እንድትወጣ፤ ቀዳዳውንም በዓይን ማየት ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም ካዝናው ሳይወጣ ማቀባበያው ከተሳበ፣ የወጣችውን ጥይት ሌላ ትተካታለች። ካዝናውና መሣሪያው ለየብቻ ይቀመጡ፣ ካዝናው ደግሞ በእናቴ ሳጥን ውስጥ፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ ነው የምታስረው።