ታብሌትን ከቤት ስቴሪዮ ጋር ስናገናኝ ድምፁ እንዲጠራ



በደብረ ታቦር በአንድ ቤት ለጸሎት ተሰብስበን የማርቆስን ወንጌል በድምፅ እንሰማ ነበር። የቤቱ ልጅ ታብሌቱን በገመድ ከስቴሪዮው ጋር አገናኝቶ ድምፁን ከፍ አደረገው። ንባቡ ሲያበቃ ማንበብ የማይችሉ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ጩኸቱን ሰምቻለሁ፤ ቃሉን ግን አልሰማሁትም» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ድምፁ ይንኮሻኮሻል፤ ከሥሩም እምም የሚል ድምፅ አልተለየውም። ስቴሪዮውም ታብሌቱም ደህና ነበሩ። ችግሩ የተገናኙበት መንገድ ነበር፦ ገመዱ የተሰካው በማይክራፎን ቀዳዳ ላይ ነው፤ ቻርጀሩም አልተነቀለም።

ብዙዎቻችን ድምፅ ሲበላሽ አዲስ ዕቃ ለመግዛት እናስባለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያለንን ዕቃ በትክክል ማገናኘት ይበቃል።

ለምን እንጨነቃለን?

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት የኖሩት ሚስዮናውያን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በመሥራታቸው ይታወሳሉ። ወደ አገራችን ሲመጡ ግን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ይዘው ነበር። በዚያ ዘመን ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ነበር። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ከአዲስ አበባ ቃሉን በድምፅ ያሰማ ጀመር፤ በ1969 ዓ.ም. በደርግ ተወረሰ። ከዚያም ካሴት በየቤቱ ገባ፤ አሁን ታብሌቱና ስልኩ ተተክተዋል። ዛሬም በደቡብ ጎንደር ገጠር ቃሉን በጆሯቸው ብቻ የሚያገኙ አባቶችና እናቶች አሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 10፥17 እምነትን ከመስማት ጋር ያያይዘዋል፤ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥8 ደግሞ ድምፁ የማይለይ መለከት ማንንም ለጦርነት እንደማያዘጋጅ ያስተምራል። ስለዚህ የድምፅ ጥራት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

1. ትክክለኛው ገመድና ትክክለኛው ቀዳዳ

የሚያስፈልገው በአንድ ጫፉ የጆሮ ማዳመጫ ጃክ (3.5 ሚሊ ሜትር)፣ በሌላው ጫፉ ቀይና ነጭ መሰኪያ ያለው ገመድ ነው። ቀዩ የቀኝ፣ ነጩ የግራ ድምፅ ነው። ከስቴሪዮው ጀርባ «ኦክስ»፣ «ላይን ኢን» ወይም «ሲዲ» በተባለው ቀዳዳ ስኩት።

«ማይክ» በሚለው ላይ አትሰኩት። ከማይክራፎን የሚመጣው ኃይል ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። ታብሌት ሲከፈት የሚያወጣው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ይኸውም ከመቶ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ድምፁ የሚንኮሻኮሸው ለዚህ ነው። «ፎኖ» የሚለውም ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራ ስለሆነ ድምፁን ያጎረናል።

ታብሌታችሁ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከሌለው የታይፕ ሲ መለወጫ ያስፈልጋል። አንዳንዱ መለወጫ በውስጡ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ቺፕ አለው፤ አንዳንዱ የለውም። ስለዚህ ሳትከፍሉ በራሳችሁ ታብሌት ሞክሩት።

2. የድምፅ መጠን

ገመዱን ስትሰኩ የስቴሪዮው ድምፅ ዜሮ ላይ ይሁን፤ ድንገተኛ ጩኸት ስፒከር ይጎዳል። ከዚያ የታብሌቱን ድምፅ ሦስት አራተኛ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ አድርጉ። የቀረውን በስቴሪዮው ጨምሩ። የታብሌቱ ድምፅ በጣም ካነሰ ስቴሪዮው ከቃሉ ጋር ሽሽሽ የሚለውንም ያጎላዋል። እስከ መጨረሻው ከተከፈተም አንዳንዱ ታብሌት ድምፁን ያበላሻል።

በታብሌቱ ላይ ያሉትን ባስ መጨመሪያዎች ዝጉ። ንግግርን የምንለይባቸው ድምፆች በአብዛኛው ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው መካከል ይገኛሉ፤ ባሱ ሲበዛ እነዚህን ይሸፍናል። ለመዝሙር ባሱን ብትወዱት እንኳ ለንባብና ለስብከት ቀንሱት።

3. እምም የሚለው ድምፅ

የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ እምምታው የሚመጣው ከዚያ ነው። በመጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀሉ። ዝም ካለ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው፤ ታብሌቱን ከጉባኤው በፊት ሞልታችሁ በባትሪ ተጠቀሙ። ቻርጅ ማድረግ ግድ ከሆነ ሁለቱንም ዕቃዎች በአንድ ማከፋፈያ ላይ ስኩ። ካልጠፋ በድምፅ ገመዱ መካከል የምትገባ፣ ትንሽ ትራንስፎርመር ያለባት ማለያያ አለች። የስቴሪዮውን የመሬት ሽቦ ግን ፈጽሞ አትቁረጡ፤ ለሕይወት አደገኛ ነው።

4. ብሉቱዝ ወይስ ገመድ?

ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ይልካል። ለንግግር ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ነገር ግን ግድግዳ ሲጋርደው ወይም ከ10 ሜትር ያህል ሲርቅ ይቆራረጣል፤ በጉባኤ መካከል ስልክ የያዘ ሌላ ሰው ሳያውቅ ሊገናኝበትም ይችላል። ገመድ ካለ ገመዱ ይሻላል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን ታብሌቱ ላይ የመልእክት ድምፅ እንዳይገባ ጥሪውን ዝጉ።

5. ፋይሉ ራሱ

የተበላሸ ፋይል በጥሩ ገመድ አይድንም። ለንባብ 64 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ይበቃል፤ በደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ለመዝሙር ግን ከ128 ባያንስ መልካም ነው። 64 የነበረውን ወደ 320 መለወጥ ፋይሉን ያከብደዋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። መዝሙር ስትላላኩ በድምፅ መልእክት ቀድታችሁ ሳይሆን ፋይሉን ራሱን ላኩ። ከድሮ ካሴት የተገለበጠ ከሆነ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ጥቂት ቀንሱለት፤ ሽሽታው ይበርዳል። በአንድ ስፒከር ብቻ የምትሰሙ ከሆነ በታብሌቱ ቅንብር ውስጥ «ሞኖ»ን ምረጡ፤ አለዚያ የግራው ወይም የቀኙ ድምፅ ይቀርባችኋል።

6. ክፍሉና ስፒከሩ

ስፒከርን በማዕዘን፣ በቡፌ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ማዕዘን ባሱን ያጎላዋል። በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ፣ ለሚሰሙት ቅርብ ይሁን። ባዶ ግድግዳና ባዶ ወለል ድምፁን ስለሚመልሱ መጋረጃና ምንጣፍ ይረዳሉ። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ድምፅ ከመጨመር ስፒከሩን ማቅረብ፣ ካልሆነም እስኪያባራ መጠበቅ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ስቴሪዮውን ንቀሉት፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ያቃጥለዋል።

ጎረቤቶቻችንንም እናስብ። የጠራ ድምፅ መጮህ አያስፈልገውም፤ ከአጥር ውጭ የሚሰማ ጩኸትም ምስክርነት አይሆንም።

ወገኖች ሆይ፣ ከተማችን ስሟን የወሰደችው ጌታ መልኩ እንደ ተለወጠበት ከሚታመነው ተራራ ነው። በዚያ ከደመናው የመጣው ትእዛዝ እርሱን መስማት ነበር (ማቴዎስ 17፥5)። በዚያው ቤት በሚቀጥለው ሳምንት ገመዱን በ«ኦክስ» ሰካነው፤ ቻርጀሩንም ነቀልነው። ድምፁ ከበፊቱ ዝቅ ያለ ነበር። እኚያ እናት ግን ምዕራፉ ሲያልቅ የሽባውን ሰው ታሪክ ከጣሪያው መነደል ጀምረው ለልጅ ልጃቸው ተረኩለት።

ጌታ ሁላችንንም የሚሰማ ጆሮ ይስጠን።