ከንጉሡ ራስጌ የተወሰደው ሥዕል

ስሙኝማ! ዛሬ የማወጋችሁ የአንድ ሥዕል ታሪክ ነው። ከነገሥታት ጋር የዘመተ፣ በጠላት እጅ የወደቀ፣ በወርቅ የተዋጀ፣ ስንት መሐላ የሰማ፣ በመጨረሻም ከሞተ ንጉሥ አልጋ በላይ ተነቅሎ ባሕር የተሻገረ ሥዕል። ስሙ ኵርዓተ ርእሱ ይባላል፤ የራሱ መመታት ማለት ነው። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር እነግራችኋለሁ፤ የመቅደላን ቀን ብቻ በራሳችን።

መጀመሪያ መልኩን ላሳያችሁ። በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተሣለ፣ ሰው በእቅፉ ሊይዘው የሚችል ሥዕል ነው። ጌታ የእሾህ አክሊል ደፍቷል፤ ደሙ በፊቱ ይወርዳል፤ ዐይኖቹ ወደ ታች አዘንብለዋል። አይጮህም፣ አይከስም። የሚመቱት እጆች አይታዩም። መከራውን ብቻውን ይዞ ፊታችሁ ይቆማል።

ማን ሣለው? እዚህ ላይ ወሬው ሁለት ነው። የአባቶች ትውፊት ከግማደ መስቀሉ ጋር በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ አገራችን ስለመጣ ኵርዓተ ርእሱ ይናገራል፤ የሣለውም ወንጌላዊው ዮሐንስ ነው ይላል። የሥዕል ታሪክ አዋቂዎች ደግሞ ቀለሙንና አሣሣሉን መርምረው፣ ይህ ከ1500 ወዲህ በፍላንደርስ ወይም በፖርቱጋል ሰው እጅ የተሠራ ነው ይላሉ። ፖርቱጋሎች በ1520 መልእክተኞቻቸውን ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲልኩ አንድ ሠዓሊም አብሮ መጥቶ ነበርና፣ የባዕድ አገር ሥዕል እኛ ዘንድ መግባቱ እንግዳ ነገር አልነበረም። እንግዲህ የአዋቂዎቹን ቃል እንቀበል። ሠዓሊው ባዕድ ነው እንበል። ታዲያ ሥዕሉ የማን ነው? ታሪኩን የማወራችሁ ለዚህ ጥያቄ ስል ነውና ልብ ብላችሁ ተከተሉኝ።

ቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ ያለውን ሥዕል ሥዕለ አድኅኖ ትለዋለች። ተሥሎ ስላለቀ ብቻ ሥዕለ አድኅኖ አይሆንም፤ ይጸለይበታል፣ ይባረካል፣ ከዚያ በመጋረጃ ይሸፈናል። መጋረጃው ሲገለጥ ዕጣን ይታጠናል፣ ሕዝቡ ይሰግዳል። እናት ለታመመ ልጇ የምትሳለው እሱ ፊት ነው፤ ስለቷ ሲሰምርም ጃንጥላ ወይ ጧፍ ይዛ የምትመጣው እሱ ዘንድ ነው። «ለእንጨትና ለቀለም ትሰግዳላችሁ» የሚል ነቃፊ ከጥንትም አልጠፋም። መልሱም ጥንታዊ ነው፤ ክብሩ ከሥዕሉ አልፎ ወደ ባለሥዕሉ ይሄዳል። በናፍቆት የተቃጠለ ልጅ የእናቱን ደብዳቤ ቢስም፣ ወረቀት ወደደ የሚለው ማን ነው?

ነገሩ ግን እኛም አገር በሰላም ብቻ አልተተከለም። ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችን ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲከበር፣ ተአምሯ እንዲነበብ አዘዙ። በእሳቸው ዘመን የኖረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን ጽፎ የተወበት የእመቤታችን ሥዕል እስከ ዛሬ በጣና በዳጋ እስጢፋኖስ አለ። የገዳም ሠዓሊ ስሙን የሚተው ከስንት አንድ ነውና ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በዚያው ዘመን ደግሞ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት «ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው» ብለው እምቢ አሉ። ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆረጠ፣ ተሰደዱ። ሥዕልን የምንወድ ሰዎች ይህን መሸሸግ የለብንም። በጅራፍ የተገኘ ስግደት ለሥዕሉም ለባለሥዕሉም ክብር አልነበረም፤ ሕዝቡ ወድዶ፣ ከልቡ አልቅሶ የሰገደለት ነው የዘለቀው።

ወደ ኵርዓተ ርእሱ ልመልሳችሁ። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ይህ ሥዕል የመንግሥቱ ጠባቂ ሆነ። ከ1667 እስከ 1682 ከነገሡት ከቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ጀምሮ፣ ንጉሥ ሲዘምት ሥዕሉ አብሮ ይዘምታል። ድንኳን ሲተከል ለእሱም ይተከላል። ሸፍቶ የነበረ መኰንን ሲታረቅ የሚምለው በእሱ ፊት ነው። በሰው ፊት ማበል ይቻል ይሆናል፤ በዚያ ደም በወረደበት ፊት ማበል ግን ማን ደፍሮ!

ከዚያ 1744 መጣ። ዳግማዊ ኢያሱ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ፣ ሠራዊታቸውን አስከትተው ወደ ስናር ወረዱ። የስናሩ ንጉሥ ባዲ ነበር። በቆላው ሐሩር የጎንደር ጦር ክፉኛ ተመታ፤ ስንቱ ጀግና ቀረ። ከሁሉ የከፋው ግን ኵርዓተ ርእሱ መማረኩ ነው። አስቡት! የሞተውን ወንድሙን ያልቀበረ ሰው፣ «ሥዕሉስ?» ብሎ ሲጠይቅ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላ ጎንደር በደረሰ ጊዜ ወሬው ገና አልበረደም ነበርና ጽፎታል። ሥዕሉ በብዙ ወርቅ ተዋጅቶ ተመለሰ። ከተማው በእልልታ ተቀበለው። ሰዎቼ፣ ዋጀ ማለት ይህ ነው፤ ሕዝብ ለአንድ ሥዕል እንደ ምርኮኛ ልጁ ቤዛ ከፈለ።

ሠዓሊዎቻችንም ዝም አላሉም። ያንን የባዕድ ሥዕል እያዩ የራሳቸውን ኵርዓተ ርእሱ ሣሉ። ባዕዱ ያላሳያቸውን መቺዎች እነሱ አመጧቸው፤ በግራና በቀኝ ቆመው እሾሁን በዱላ ወደ ራሱ ሲያስገቡ አሳዩን። በሥዕላችን ሕግ ጻድቅ በሁለት ዐይኑ ያያችኋል፣ ኃጥእ ግን በጎን ዞሮ አንድ ዐይኑ ብቻ ይታያል። ጌታ በሁለት ዐይኖቹ፣ መቺዎቹ በአንድ አንድ። በግድግዳ ላይ፣ በብራና ላይ፣ በአንገት በሚንጠለጠል ተከፋች ሥዕል ላይ፣ ከጎንደር እስከ ጎጃም እስከ ትግራይ ተባዛ። እንግዳው ሥዕል የአገሬውን ሥዕል ወለደ።

አሁን መቅደላ። ዐፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን ሀብት ወደ አምባቸው ሲያግዙ ኵርዓተ ርእሱንም ወስደውት ነበር። የት ሰቀሉት? ከአልጋቸው በላይ። በዚያ ዘመን የከዷቸውን ስንቆጥር፣ ያሰሩትንና ያስገደሉትን ስንቆጥር፣ ሌሊት ሌሊት ያን ፊት እያዩ ምን ይሉት እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ሰብሮ ገባ፤ ቴዎድሮስም እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ።

ከጦሩ ጋር ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል ሰው መጥቶ ነበር። ወታደር አይደለም፤ ቅርስ እንዲሰበስብ የተላከ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነው። ከንጉሡ አልጋ በላይ ያለውን ሥዕል አየ፣ ወሰደው። የቀረውን ምርኮ፣ መስቀሉን፣ ብራናውን፣ ታቦቱን ሠራዊቱ በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወረደ፤ በደላንታ ሜዳም ሐራጅ አወጣው። ኵርዓተ ርእሱ ግን ለሐራጅ አልቀረበም፤ ወደ ሙዚየሙም አልገባም። ሆልምስ ለራሱ አስቀረው።

አራት ዓመት አለፈ። በጥር 1872 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አክሱም ላይ ዘውድ ጫኑ። በዚያው ዓመት ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ምን ጠየቁ መሰላችሁ? መድፍ? ወርቅ? ክብረ ነገሥት የተባለውን መጽሐፍና ኵርዓተ ርእሱን መልሱልኝ ነበር ያሉት። ገና ዙፋናቸው ያልጸና ንጉሥ፣ አገር የሚጸናው በምን እንደሆነ ያወቁ ንጉሥ!

መጽሐፉ ተገኘና ተመለሰ። ስለ ሥዕሉ ግን የንግሥቲቱ ምላሽ ዱካውን አላገኘንም፣ ወደ እንግሊዝ የመጣም አይመስለንም የሚል ነበር። በዚያን ሰዓት ሆልምስ የት ነበር? በንግሥቲቱ በራሷ ቤት! ከ1870 ጀምሮ የዊንዘር ቤተ መንግሥት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ያገለግላት ነበር። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ሥዕሉ ወደ አገሩ በተመለሰ። አልተነፈሰም። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ ሥዕሉን ሳያዩ ነው። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዘረፋው ይልቅ የሚያመኝ ይህ ዝምታ ነው። በጦርነት ግርግር የተወሰደ ነገር በሰላም ቀን ይመለሳል፤ ባለቤቱ ስሙን ጠርቶ ሲጠይቅ ዝም ማለት ግን ዳግመኛ መውሰድ ነው።

ደብዳቤው ከተጻፈ ሠላሳ ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1905፣ የሥዕሉ ፎቶግራፍ በርሊንግተን ማጋዚን በተባለ የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ወጣ። ጠያቂው ንጉሥ ከሞቱ ቆይተዋል። ሆልምስም በ1911 ሞተ። በ1917 ሥዕሉ ክሪስቲስ በተባለው የለንደን ሐራጅ ቤት ተሸጠ። በ1950 እዚያው ደግሞ ተሸጠ፤ የገዛውም ሉዊስ ሬይስ ሳንቶስ የተባለ ፖርቱጋላዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ነበር። እንደገና ከሕዝብ ዐይን ተሰወረ። በ1998 ማርቲን ቤይሊ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ዱካውን ተከታትሎ፣ ሥዕሉ ፖርቱጋል ውስጥ በግለሰብ እጅ እንዳለ ለዓለም አወጀ።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያውን ጥያቄ የማነሣው። የፖርቱጋል መንግሥት ሥዕሉን የአገሩ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ክርክሩም ገባኝ፤ የሣለው እጅ ምናልባት የእነሱ ሰው እጅ ነው። ነገር ግን በሊዝበን ማን ማለበት? በየትኛው ዘመቻ ፊት ሄደ? ማን ወርቅ ከፍሎ ዋጀው? አንድ ሥዕል የሠዓሊው የሚሆነው ቀለሙ እስኪደርቅ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚያለቅሱበት፣ የሚሳሉበት፣ የሚታረቁበት ሰዎች ነው። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ዕጣን ያጠነው፣ በስናር በረሃ ደም ያፈሰሰለት፣ ገልብጦ ልጆቹን ያስተማረበት ሕዝብ ይታወቃል፤ አድራሻውም አልጠፋም።

ለዐፄ ዮሐንስ ደብዳቤ የተሰጠው መልስ እውነት አልነበረም፤ ስለዚህ ጥያቄው ገና እንዳልተመለሰ ይቆጠር። ያኔ የጠየቁት ለንደንን ነበር፤ አሁን የሚጠየቀው ሊዝበን ነው። ጠያቂውም መንግሥት ብቻ፣ ቤተ ክህነት ብቻ አይደለም፤ ሊዝበን፣ ፓሪስ፣ ለንደን የምትኖሩ ልጆቻችን፣ እናንተም ጠይቁ። ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ፤ ኵርዓተ ርእሱ ይባላል።