ጠረጴዛውን የሚተካ ላፕቶፕ፤ ታሪኩና የምርጫው ጣጣ

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም ስለ ኮምፕዩተር ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብሁት አዳራሽ ይሞሉ ስለነበሩት የጥንት መኪናዎች ለመጻፍ ነበር። ዳሩ ግን በዚያው ሰሞን የምሠራበት አነስተኛ የምሕንድስና ቢሮ ተራ የሚመስል፣ ነገር ግን ገንዘብም ክርክርም የሚጠይቅ ጉዳይ ገጠመው። ይኸውም ያረጁትን ሁለት የጠረጴዛ ኮምፕዩተሮች በመሰሎቻቸው እንተካ ወይስ ሰፊ ስክሪን ባላቸው ላፕቶፖች የሚል ነው። ከባልደረቦቼ ጋር ስንከራከር ሳለን፣ እኛ እንደ አዲስ የምንነታረክበት ነገር ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ አንዳንዱን ፋብሪካ ያከበረ፣ ሌላውን ያከሰረ የቆየ ሙግት መሆኑን ተገነዘብሁ። ስለሆነም የአዘጋጆቹን ጥያቄ በቢሮአችን ጥያቄ በኩል ለመመለስ ወሰንሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሙግቱ የተጀመረው በ1981 ነው ለማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት አዳም ኦስቦርን የተባለ ሰው፣ ሊ ፌልሰንስታይን በተባለ መሐንዲስ ያሠራውን «ኦስቦርን 1» የተሰኘ ኮምፕዩተር በ1,795 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ቅርጹ ክዳን እንደተገጠመለት የልብስ ስፌት መኪና ሆኖ እጀታ ነበረው፤ ክብደቱ ወደ 11 ኪሎ ይደርሳል። ባለ እጀታ በመሆኑ «ተንቀሳቃሽ» ተባለ። ይሁን እንጂ ባትሪ አብሮት አይመጣም ነበርና፣ የሚንቀሳቀሰው ከአንዱ ሶኬት ወደ ሌላው ሶኬት ነው። ከዚህ ይልቅ ተጠቃሚውን ያስመረረው ግን ስክሪኑ ነበር። 5 ኢንች ብቻ በመሆኑ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው 52 ፊደል ነው፤ የተለመደው የጽሕፈት መስመር ደግሞ 80 ፊደል ነበር። የመስመሩን መጨረሻ ለማንበብ ገጹን ወደ ጎን መግፋት፣ መጀመሪያውን ለማየት እንደገና መመለስ ግድ ይል ነበር። ኩባንያው በ1983 ከሰረ። ለመክሰሩ ሌላም ሌላም ምክንያት ይሰጣል፤ ያም ሆኖ የስክሪኑ ጠባብነት ተፎካካሪዎቹ ሊጠቀሙበት የቻሉ ግልጽ ቀዳዳ ነበር።

ቀዳዳውን የደፈነው ኮምፓክ ነው። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ባልደረቦች የነበሩ ሦስት ሰዎች ያቋቋሙት ይህ ኩባንያ፣ በ1982 መጨረሻ ያስተዋወቀው መኪና 9 ኢንች ስክሪን ነበረው፤ 80ውን ፊደል በሙሉ ያሳያል፤ የአይ.ቢ.ኤም.ን ኮምፕዩተር ፕሮግራሞችም ሳይለወጡ ያሠራል። ክብደቱ ከኦስቦርን በልጦ ወደ 12.5 ኪሎ ይጠጋል፤ ዋጋውም ከ2,995 ዶላር ይጀምራል። ከበደ፣ ተወደደ፣ ነገር ግን ተሸጠ፤ በ1983 ብቻ ከ50,000 በላይ። ምክንያቱን መሐንዲስ ሁሉ ይረዳዋል። ሰው የፈለገው ቀላል ዕቃ ሳይሆን፣ ጠረጴዛው ላይ የሚሠራውን ሥራ ሳያጎድል ሌላ ቦታ የሚያሠራው ዕቃ ነበር። በእኔ አስተያየት የጠረጴዛ ኮምፕዩተርን በእርግጥ ለመተካት የበቃው የመጀመሪያው መኪና ይኸው ነው።

ሁለቱም ግን ባለ መስታወት ቱቦ ስክሪን ስለነበሩ ጭን ላይ የሚቀመጡ አልነበሩም። ስክሪኑ እንደ መጽሐፍ ክዳን ተከፍቶ የሚዘጋበትን የዛሬውን ቅርጽ ያመጣው በ1982 የወጣውና ቢል ሞግሪጅ ንድፉን የሠራው ግሪድ ኮምፓስ ነው። ዋጋው 8,150 ዶላር ነበር፤ ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፍል ደንበኛ ጥቂት በመሆኑ ስሙ የሚነሣው ይበልጡን በአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩሮች ውስጥ በማገልገሉ ነው። ለተራው ሠራተኛ የቀረበው የጃፓኑ ቶሺባ በ1985 ያወጣው ቲ1100 ነው፤ ክብደቱ ወደ 4 ኪሎ ብቻ ሲሆን በባትሪ ይሠራል። ስክሪኑ ግን ደብዛዛ ነበር። በማግስቱ ዓመት ይኸው ኩባንያ ቲ3100 የተባለውን አወጣ፤ ብርቱካንማ ብርሃን የሚሰጠው የፕላዝማ ስክሪኑ ደማቅና ጥርት ያለ ነው፤ ባትሪ ግን አልነበረውም፤ መብራት ካልተሰካ አይሠራም።

አንባቢ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንዲል እለምናለሁ። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ዓመት ልዩነት፣ ሁለት መንገድ ተከፈተ። አንደኛው ከሶኬት ነፃ ሆኖ በደካማ ስክሪን የሚሠራ፣ ሁለተኛው በጥሩ ስክሪን እየሠራ ከግድግዳ ጋር የታሰረ። የኃይልና የሙቀት ሕግ ያስገደደው ምርጫ እንጂ የነጋዴ ስንፍና አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ ተሻሻለ፣ ባትሪውም ተሻሻለ፤ መንታው መንገድ ግን እስከ ዛሬ አልተገናኘም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። አፕል በ1989 ያወጣው ማኪንቶሽ ፖርተብል የስክሪኑ ጥራት ቢደነቅለትም 7 ኪሎ ያህል ይመዝን ስለነበረ ብዙ ገዢ አላገኘም። አይ.ቢ.ኤም. በ1992 ቲንክፓድ 700ሲን በ10.4 ኢንች ባለ ቀለም ስክሪን ሲያቀርብ፣ ላፕቶፕ የቢሮ ዕቃ ሆኖ ተቀባይነት አገኘ። በ1995 ይኸው ኩባንያ ከስክሪኑ ሰፋ ያለ፣ ክዳኑ ሲከፈት እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የሚዘረጋ ኪቦርድ ያለው ሞዴል አውጥቶ ነበር። ስክሪኖች ሰፊ ሲሆኑ ግን ብልሃቱ አላስፈላጊ ሆነና ቀረ፤ አንድ መሐንዲስ የደከመበት ውብ ፈጠራ በሌላ መሐንዲስ ሥራ እንዲህ ሲሻር ማየት ትንሽ ያሳዝናል።

ግዙፎቹ የመጡት በ2000ዎቹ ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ለጠረጴዛ የተሠራውንና ከ80 ዋት በላይ ሊያሞቅ የሚችለውን ፔንቲየም 4 እንዳለ አንሥተው ላፕቶፕ ውስጥ ከተቱት። ውጤቱ ወፍራም፣ የሚያጓራና ጭን የሚያቃጥል ዕቃ ሆነ። ኢንቴል በ2003 ያወጣው ፔንቲየም ኤም በ25 ዋት ገደማ በመሥራቱ ይህን የተሳሳተ ጎዳና በአብዛኛው ዘጋው። በዚያው ዓመት አፕል ባለ 17 ኢንች ፓወርቡክ ሲያወጣ፣ 3 ኪሎ በሚመዝን ቀጭን ላፕቶፕ ሰፊ ስክሪን መያዝ እንደሚቻል ታየ። ነገር ግን ገበያው ልኩን አላወቀም ነበርና በ2006 ዴል 20.1 ኢንች ስክሪን ያለው፣ ከ8 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ እንደ ሻንጣ እጀታ የተበጀለት ኤክስ.ፒ.ኤስ. ኤም2010ን አቀረበ፤ ኤች.ፒ.ም በ2007 በተመሳሳይ ስክሪን ተከተለ። ከ25 ዓመት በኋላ ተመልሶ ወደ ኦስቦርን እጀታ መምጣት ማለት ይህ ነው። በ2008 በዓለም ገበያ የላፕቶፕ ሽያጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጠረጴዛ ኮምፕዩተር ሲበልጥ፣ ድሉን ያመጡት እነዚህ ግዙፎች አልነበሩም፤ መካከለኞቹ እንጂ።

ከታሪኩ ወደ ልኬቱ ልሸጋገር፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላልና። ስክሪን የሚለካው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ነው። ስለዚህ ሁለት ስክሪኖች አንድ ዓይነት የኢንች ቁጥር ይዘው በስፋታቸው ሊለያዩ ይችላሉ። የቀድሞው ባለ 15 ኢንች ስክሪን ወርድና ቁመቱ የ4 ለ3 ምጣኔ ስለነበረው ቁመቱ 22.9 ሳንቲ ሜትር ነበር። «ትልቅ» ተብሎ የሚሸጠው 17.3 ኢንች ስክሪን ግን ምጣኔው 16 ለ9 ሲሆን ቁመቱ 21.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ፊልም ለማየት ይመች ይሆናል፤ የሕንፃ ቋሚ ወለል ንድፍ ወይም የስሌት ገጽ ለሚያነብ ሰው ግን ከድሮው 15 ኢንች ያነሰ ነው። የሚያስገርመው፣ በ16 ለ10 ምጣኔ የሚሠሩት ባለ 16 ኢንች ስክሪኖች ቁመታቸው ልክ ያው 21.5 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ባለ 17.3ቱን የሚገዛ ሰው ተጨማሪ የሚከፍለው ለወርድ እንጂ ለቁመት አይደለም። ጠረጴዛ ላይ የምናውቀው ተራ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ደግሞ ከ17.3 ኢንቹ ሁለት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስፋት አለው። እንግዲህ ላፕቶፕ በስክሪን ስፋት ጠረጴዛውን ይተካል የሚለው አነጋገር በሒሳብ አይጸናም።

የስሙም ነገር እንደዚሁ ነው። በ2023 ለላፕቶፕ የቀረበው ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 የምስል ካርድ የጠረጴዛውን ስም ይዞ መጣ፤ ዳሩ ግን የጠረጴዛው 450 ዋትና 24 ጊጋ ባይት ሲኖረው፣ የላፕቶፑ ከ175 ዋትና ከ16 ጊጋ ባይት አያልፍም። ውስጣቸው ያለው ቺፕ ራሱ የተለያየ ነው። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ዘመዳሞች ናቸው እንደማለት ያለ ነው።

ይህን ሁሉ ከመጻሕፍት ብቻ አልተማርሁትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያጠራቀምሁትን ገንዘብ አውጥቼ ባለ 17.3 ኢንች ላፕቶፕ ገዝቼ ነበር። ቢሮአችን ለአንድ የሕንፃ ዲዛይን ውድድር ሲዘጋጅ፣ የሕንፃውን ምስሎች ሌሊቱን እንዲሠራ በዚሁ መኪና ላይ ጭኜ ተኛሁ። በሙከራ ጊዜ አንዱን ምስል በ12 ደቂቃ ጨርሶ ነበርና ሒሳቡ እስከ ንጋት እንደሚደርስ ያሳይ ነበር። ሲነጋ ግን ገና ግማሹ ላይ ነበር። ፕሮሰሰሩ ሲሞቅ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ቀንሶ አድሯል። ጥፋቱ ከፊሉ የእኔ ነበር፤ አየር የሚስበው ከሥሩ ሆኖ ሳለ ከጠረጴዛ ልብስ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የቀረውን በባልደረባዬ አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፕዩተር ጨረስነው፤ በወረቀት ላይ የሚያንስ ፍጥነት ያለው እሱ፣ ማራገቢያው ሰፊ ስለሆነ ሳይደክም ሠራ። የውድድሩ ሳጥን የሚታሸገው ከጧቱ 4 ሰዓት ነበር። የደረስነው 4 ሰዓት ከ20 ነው። ሰነዱን ሳይቀበሉን ቀሩ፤ የሁለት ወር የአራት ሰው ድካም ተሸክመን ተመለስን።

እንዲህም ሆኖ ለላፕቶፑ የምመሰክርለት ነገር አለ። በሌላ ቀን መብራት በድንገት ሲጠፋ፣ የዚያው ባልደረባዬ ዩ.ፒ.ኤስ. ባትሪው አርጅቶ ኖሮ ግማሽ ቀን የሠራው ሥራ ሲጠፋበት፣ የእኔ ላፕቶፕ ምንም እንዳልሆነ ቀጥሏል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ይሁንና ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። ያለ ልዩ ፈቃድ በመንገደኛ አውሮፕላን የሚፈቀደው የላፕቶፕ ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት በመሆኑ፣ ፋብሪካዎች ከዚያ በላይ አይሄዱም። 200 ዋት የሚበላ መኪና በዚህ ባትሪ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይሠራል፤ አብዛኞቹም ሶኬት ሲነቀል ኃይላቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ስለዚህ የትልቅ ላፕቶፕ ባትሪ ሥራ ለማስቀመጥና ለማጥፋት የሚበቃ ዩ.ፒ.ኤስ. እንጂ፣ ቀኑን ሙሉ ሳይት የሚያውል ስንቅ አይደለም።

የጥገናውም ጉዳይ አለ። በልማድ ሲ.ፒ.ዩ. የምንለው የጠረጴዛ ሣጥን ፓወር ሰፕላይው ቢቃጠል፣ መርካቶ ወርዶ ሌላ ገዝቶ ከሰዓት በኋላ ሥራ መጀመር ይቻላል። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ግን ራሙ እንኳ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ በአንዳንዶቹም ቻርጀሩ የየሞዴሉ ነው።

ክርክራችን ሁለት ሳምንት ፈጅቶ በዚህ አለቀ። ለከባድ ስሌትና ለምስል ሥራ አንድ የጠረጴዛ ኮምፕዩተር ተገዛ፤ ሳይት ለሚመላለሰው ባልደረባችን ባለ 16 ኢንች ላፕቶፕ ከውጭ ሞኒተርና ኪቦርድ ጋር ተሰጠ፤ ቢሮ ሲመለስ አንገቱን ሳይደፋ እንዲሠራ። አሮጌው የእኔ 17.3 ኢንች ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ሶኬት ላይ ተሰክቶ በመክረሙ ባትሪው አብጦ የመዳሰሻ ሰሌዳውን ስላነሣው ባትሪው እንዲወጣ ተደረገ፤ ምትኩ እስካሁን አልተገኘም። አሁን ከቢሮው ጥግ ሞኒተርና ኪቦርድ ተቀጥሎለት፣ ከጠረጴዛው ሥር ዩ.ፒ.ኤስ. ተደርጎለት ደብዳቤ ይጻፍበታል። ከተቀመጠበት ተነሥቶ አያውቅም።